ቶሎሳን አሜሪካ የላክሁት እኔ ነኝ

እኔ አሜሪካን አላውቃትም። በምሥራቅ ከናዝሬት፣ በምዕራብ ከነቀምት አልፌ አላውቅም፤ ነቀምትንም ለለቅሶ ሄጄ አንገቴን ደፍቼ ስለተመለስኩ አየኋት ማለት ይከብደኛል። እንግዲህ ይህን ያህል አገር ያየሁ ሰው ነኝ አንድ ቀን ጊንጪ አጠገብ፣ የገበሬ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ፣ ሕዝብ ፊት ቆሜ «ሰው ወደ አሜሪካ ልከሃል ወይ?» ተብዬ የተጠየቅሁት። አሁን ስነግራችሁ ሊያስቃችሁ ይችላል። ያኔ ግን የአብዮቱ ዘመን ነው። እንኳን ሰው ልከህ ቀርቶ፣ አሜሪካ የሚለውን ቃል ሳታወግዝ ከተናገርክ ጎረቤትህ ዞር ብሎ ያይሃል።

ነገሩ የተጀመረው በሳሙና ነው።

አምቦ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ፎቶውን የማነሣው እኔ፣ የማጥበው እኔ፣ ከደንበኛው ጀርባ የሚሰቀለውን መጋረጃ የምሥለውም እኔ ነኝ። ሥዕል የተማርኩት ከማንም አይደለም፤ ድፍረት ብቻ ነው ያለኝ። የመጀመሪያው መጋረጃዬ ፏፏቴ ነበር። ባለቤቴ ዲንቄ ገና እንዳየችው፣ «አንሶላውን ገደል ላይ ማን ነው ያሰጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ራሴ ሳየው አንሶላ ብቻ ይታየኝ ጀመር።

አንድ ቀን ታዲያ ሳሙና ገዝቼ ስገባ የተጠቀለለበት ወረቀት ዓይኔን ያዘው። ከፈረንጅ መጽሔት የተገነጠለ ገጽ ነው። ሰማዩ ሊጨልም ሲል፣ ከረጅም የመኪና መንገድ ዳር፣ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይታያል። መብራቱ በቀጭን የመስታወት ቱቦ የተሠራ ነው፤ ኒዮን የሚሉት ዓይነት። አናቱ ላይ ኮከብ፣ ከኮከቡ ሥር ቀያይ ፊደላት፣ ከፊደላቱ ሥር ደግሞ ተጠማዞ ወደ መሬት የሚወርድ፣ «በዚህ ግቡ» የሚል የሚመስል ቀስት። የሰሌዳውን ቀለም ፀሐይና ዝናብ ልጦታል። የብሎኖቹ ዝገት እንደ እንባ ወርዶ ደርቋል። አሮጌ ነው፤ ግን በርቷል። እኔም የሙያዬ ነገር ሆኖ ማድነቅ ጀመርኩ። «ይሄ ፎቶ አንሺ መብራቱንም ሰማዩንም አንድ ላይ ያወጣቸው እንዴት ቢለካው ነው?» እያልኩ ስገረም ዋልኩ።

ጎረቤታችን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ማታ ሲመለስ አሳየሁት። ከሥዕሉ ሥር ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበና፣

«ፎቶ አይደለም» አለኝ። «ሥዕል ነው። በዘይት ቀለም፣ በሸራ ላይ።»

«ተሳስተሃል።»

«እንግዲያው አንተ አንብበው።»

በዓይኑ እንጀራ የሚበላ ሰው በዓይኑ ሲታለል ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ዲንቄ ግራ ገብቷት፣ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ፣ «ዓይኔ ዋሸኝ» አልኳት። «ስንት ዓመት ሲዋሽህ ኖሯል፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። በሦስተኛው ቀን ግን ወሰንኩ። ያ ፈረንጅ እኔን እንዳሞኘኝ እኔም በተራዬ አንድ ሰው ሳላሞኝ አልሞትም።

ዲንቄ ለፍራሽ ልብስ ብላ ያስቀመጠችውን አቡጀዲ ለመንኳት። በብዙ ጭቅጭቅ ሰጠችኝ። ሁለቱን ቁራጭ ራሷ ገጥማ ሰፋችልኝ፤ ስፌቱ ምሰሶው ከሚሣልበት ቦታ ላይ እንዲውል አድርጋ፣ በጠባብ በጠባብ፣ አንዲት ክር ሳትዛነፍ። ችግሩ ቀይ ቀለም ነበር። የአገሩ ቀይ ቀለም በሙሉ መፈክር ላይ አልቋል። መጨረሻ ላይ መፈክር የሚጽፍ አንድ ወዳጄ ከቆርቆሮ ሥር የቀረች ሰጠኝ፤ የልጆቹን ፎቶ ላነሣለት።

ቀለም መኖሩ ግን መብራት አያበራም። ቱቦዎቹን ቀይ ቀባኋቸው፤ የበሬ አንጀት መሰሉ። ቀዩን ብጨምር አንጀቱ ወፈረ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ስንገላታ ዲንቄ ጓሮ ሆና በከሰል ካውያ ልብስ ትተኩሳለች። ትዕግሥቷ ሲያልቅ ካውያውን ይዛ መጣችና ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዬ ሥር ደገነችው።

«እይ። ፍም መሀሉ ቀይ ነው?»

አየሁ። መሀሉ ወደ ነጭ የተጠጋ ነው። ቀይ የሆነው ዙሪያው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እየደበዘዘ ጥቁሩ ውስጥ ይጠፋል። እኔ ዕድሜ ልኬን በብርሃን የምሠራ ሰው፣ ይህን ከልብስ መተኮሻ ተማርኩት! ቱቦውን በነጭ ቀባሁ፣ ጠርዙን በሐምራዊ፣ ዙሪያውን በስሱ ቀይ፣ ሰሌዳውን አጨለምኩት። አንድ ቀን ከሰዓት ራቅ ብዬ ዞር ብዬ ሳይ፣ በርቷል። እውነቴን ነው፣ በርቷል። ራሴው የቀባሁት ሰውዬ ማጥፊያውን ፈለግሁ።

በጠቅላላው ሦስት ወር ፈጀብኝ። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ይሄን ያህል መብራት ከየት ነው የሳብከው?» ብሎ መስመሩን በዓይኑ ሲፈልግ ቆየ። አንዲት የእሳት ራትም ኮከቡ ላይ ስትንደፋደፍ አይተናል፤ አጋነነ እንዳትሉኝ ዲንቄ ምስክር ናት።

ሁለት ነገር ብቻ ደስታዬን ጎደሎ አደረገው። አንደኛው፣ የእኔ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። ያ ሁሉ የተለመነ ቀይ በፎቶ ሲወጣ አመድ ይመስላል። ሁለተኛው የፊደሉ ነገር ነው። የእንግሊዝኛ ፊደላቱ አምስት ናቸው፤ ሁሉም ሲበሩ «ሞቴል» ይላሉ፤ የመንገደኛ ማደሪያ ማለት ነው። መጽሔቱ ላይ ግን የመጨረሻዋ ፊደል ተቃጥላ ጠፍታለች፤ እኔም ታማኝ ሆኜ እንደ ጠፋች ሣልኳት። እንግዲህ አራቱን ብቻ ያነበበ ሰው ምን ይላል? «ሞቴ» ይላል። አንዱ ደንበኛ ፊደል ቆጥሮ አንብቦ፣ «ከሞቴ ሥር ቆሜማ ፎቶ አልነሣም!» ብሎ ወጥቶ ሄደ። ዲንቄ፣ «አንዲት ፊደል ማብራት አቅቶህ ነው ሰው የምታባርረው?» አለችኝ። እኔ ግን የያዝኩት ጥበብ ነውና አሻፈረኝ አልኩ።

እንዲህ እያለን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቶሎሳ መጣ።

ቶሎሳ ከደንዲ ነው፤ ከጊንጪ ማዶ ካለ መንደር የመጣ፣ ሠላሳውን ያለፈ፣ ቁመተ ረጅም ገበሬ። ወለሉ ላይ እንቁላል የተደረደረ ይመስል ተጠንቅቆ ነው የሚራመደው። ለእጮኛው ለጫልቱ ፎቶ ሊልክላት ይፈልጋል። የቤቱን ኮት አለበስኩት። ኮቴ አንድ ነው፤ ለወፍራሙም ለቀጭኑም እንዲሆን ጀርባው ተቀዶ በልብስ መቆንጠጫ ነው የሚያያዘው። ከረባት አሠርኩለት፤ ጥቁር መነጽር አደረግሁለት። ከመጋረጃው ፊት ሳቆመው ግን ወደ ኋላው ዞሮ ዞሮ አየና፣

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አይነዝርም?» አለኝ።

«ጨርቅ ነው እኮ።»

«ጨርቅ መሆኑንማ ነገርከኝ። አይነዝርም ወይ ነው ያልኩህ።»

የዚያን ቀን ደስታዬን አልነግራችሁም። ፎቶው ደርሶ ሲወስድ በመሠረተ ትምህርት የተማራትን ጽሕፈት ሊያሳይ እርሳስ ተዋሰኝና ጀርባው ላይ ጻፈ፦ «ለጫልቱ። በደህና ገብቻለሁ። አገሩ ደስ ይላል። ውሃውም ተስማምቶኛል። ነገሬን ስጨርስ እመጣለሁ።» እኔም አንብቤ፣ ጥሩ ጽሕፈት ነው ብዬ አሞገስኩት። ወይ አለማወቅ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቶሎሳ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ዐመድ ለብሷል። እጁ ላይ ወረቀት ይዟል።

«ምን ሆንክ?»

«አሜሪካ ሄደሃል አሉኝ።»

«ማን?»

«መንደሩ በሙሉ። ፎቶውን አይተው። አማቼ ኦቦ ዳባ ልጄን ለኮብላይ አልሰጥም ብለዋል። ማኅበሩ ደግሞ አገር ጥሎ የሄደ ሰው መሬት ምን ያደርግለታል ብሎ መሬቴን ለሌላ ሊለካ ገመድ አዘጋጅቷል። አምቦ ነበርኩ ብላቸው፣ አምቦን እኛ አናውቃትም ወይ፣ እንዲህ ያለ ነገር አምቦ ውስጥ የለም አሉኝ።»

«ታዲያ ከአሜሪካ በሦስት ሳምንት እንዴት ተመለስኩ አትላቸውም?»

«እሱን ነው አጥብቀው የሚጠይቁኝ፤ ማን ላከህ፣ ማን መለሰህ እያሉ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። ፎቶ አንሺው ከነመሣሪያው ቀርቦ እንዲያስረዳ ይላል። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሰው ለማሞኘት የተመኘሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው ብቻ ግን ነበር የፈለግሁት፤ አንድ የገበሬ ማኅበር ሙሉ አላልኩም። «ለመሆኑ አምቦ ምን ልትሠራ መጥተህ ነበር? እሱን ንገራቸው» ስለው ቶሎሳ መሬት መሬት አየ። «እሱን አልናገርም» አለ።

ዲንቄ ሁሉንም ሰምታ ነበር። መጋረጃውን ከግድግዳው ላይ ማውረድ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«በአፍህ ብታስረዳቸው ማን ያምንሃል? አሜሪካን ራሷን ይዘናት እንሂድ።»

«እንሂድ?»

«ቢያስሩህ ስንቅ የሚያቀብልህ ማን አለህ?»

በነጋታው አሜሪካን ጠቅልለን አውቶቡስ ተራ ወጣን። ረዳቱ የጥቅሉን ርዝመት አይቶ፣ «ይሄ የድንኳን ምሰሶ ነው ወይስ የሰው ሬሳ?» አለ። ጣሪያ ላይ ተጫነ። መንገድ እኩል ላይ ዝናብ ሲጀምር ተነሥቼ «አቁሙልኝ፣ ልትርስብኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ማን?» ሲሉኝ ጣሪያውን በጣቴ አሳየኋቸው። ዲንቄ ኮቴን ጎትታ አስቀመጠችኝ፤ በላስቲክ ጠቅልላት ኖሮ ጠብታ አልነካትም።

አዳራሹ ከጭቃ የተሠራ፣ ሁለት ትንንሽ መስኮት ብቻ ያለው፣ በቀትርም ድንግዝግዝ ያለ ቤት ነው። ሰዉ ግጥም ብሏል። ከጠረጴዛው ኋላ ሊቀ መንበሩ ተቀምጠዋል፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ነገር የሚያጣሩ ሰው ናቸው፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። ፎቶውን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። በቀኝ በኩል ኦቦ ዳባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዱላቸውን ይዘዋል፤ ለቶሎሳ ሦስት ጊዜ የሽማግሌ ፊት መልሰው በአራተኛው እሺ ያሉ ሰው ናቸው። ጫልቱ ከሴቶቹ መሀል ናት።

«ጓድ ፎቶ አንሺ፣ ይህን ፎቶ አንተ ነህ ያነሣኸው?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«አዎ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«የት?»

«አምቦ።»

አዳራሹ አጉረመረመ።

«እኔ በወር ሁለቴ ለስብሰባ አምቦ እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ መብራት አዲስ አበባም የለም። ኮቱስ የማን ነው? ቶሎሳ እንዲህ ያለ ኮት ኖሮት አያውቅም።»

ኮቱን ከከረጢቴ አውጥቼ ለቶሎሳ አለበስኩት። ከፊት ሲታይ ዲፕሎማት ነው። ዙር ብዬ ሳዞረው ጀርባው ክፍት፣ በአምስት መቆንጠጫ የተያዘ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው።

«ሥርዓት!» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ኮቱ ይሁን። መብራቱስ?»

«መብራቱን ይዤው መጥቻለሁ። መስቀያ ገመድ ብቻ ስጡኝ።»

ገመድ ተፈለገ። የተገኘው የቶሎሳን መሬት ሊለኩበት የተዘጋጀው ገመድ ነው። ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ወጥረን፣ ዲንቄ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ጫፍ ሆነን፣ ጥቅሉን ለቀቅነው።

በዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ኮከቡ፣ ቀስቱ፣ ቀዩ ሁሉ ቦግ አለ። እኔ ራሴ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ የእኔ ፎቶ ቤት ብርሃን ይበዛዋል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ወደ ኋላ ሸሹ። ኦቦ ዳባ «ያ ዋቃዮ! ኩን ማሊ?» ብለው ተነሡ፤ አምላኬ፣ ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጋረዱና፣

«በመጀመሪያ ይሄን መብራት አጥፉልኝ፤ ዓይኔን ወጋኝ። ከዚያ እንነጋገራለን» አሉ።

ዲንቄ ናት ቀስ ብላ፣

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እዚህ አዳራሽ መብራት ገብቷል እንዴ?» ያለችው።

ሊቀ መንበሩ ጣሪያውን አዩ። ግድግዳውን አዩ። መብራት እንኳን አዳራሹ መንደሩም አልገባም። እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ ቀስ ብለው አወረዱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኦቦ ዳባ ግን ሰው አምነው የሚቀመጡ አይደሉም። ዱላቸውን አስቀድመው ቀረቡ፤ በዱላው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ ከዚያ በአንድ ጣት፤ ከዚያ በመዳፋቸው። ጫልቱ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ድምፅዋ ብቻ ተሰማ።

«አባ፣ ጨርቅ ነው። ምሰሶው ጋ ስፌት አለው። እንዲህ ያለ ስፌት ደግሞ የሴት እጅ ነው።»

«የእኔ እጅ ነው» አለች ዲንቄ፤ እንዲህ ቀና ብላ ስትናገር ከሠርጋችን ወዲህ አይቻት አላውቅም።

አዳራሹ ፈነዳ። ሳቁ እስከ ጊንጪ ሳይሰማ አልቀረም። ሊቀ መንበሩ «ሥርዓት» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው እሳቸውም ሳቁ። ኦቦ ዳባ ብቻ አልሳቁም። ወደ ቶሎሳ ዞሩ።

«እሺ፣ አሜሪካ አልሄድክም። አምቦ ምን ልትሠራ ሄድክ? ለምን ተደብቀህ? ሌላ ሴት አለችህ?»

ሳቁ ተቋረጠ። ቶሎሳ እኔን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ ቀስቱ የሚያመለክተውን መሬት አየ።

«ጉልበቴን ያመኛል» አለ በመጨረሻ። «ፍል ውሃ ልነከር ነው የሄድኩት። እርስዎ አንካሳ ነው ብለው ልጅዎን እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ ደበቅሁ።»

ኦቦ ዳባ ምላሽ ከመስጠታቸው በፊት ጫልቱ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለች፤ ከኮከቡ ሥር፣ ከቀስቱ አጠገብ።

«ጉልበቱንማ ገና ሽማግሌ ሳይልክ አውቃለሁ» አለች። «ከገበያ ሲመለስ ሰው የሌለ እየመሰለው ሲያነክስ ስንቴ አይቼዋለሁ። እኔ ያላወቅሁት መነጽሩን ነው። አባ፣ መነጽሩን ለምን እንዳደረገ ይጠየቅልኝ።»

ኦቦ ዳባ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልቻሉም፤ ዱላቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያም ቶሎሳን ትከሻውን አቅፈው፣ «የእኔም ያመኛል፤ ውሃው በእርግጥ ያሽላል?» ሲሉ ሰማኋቸው። የሠርጉ ቀን እዚያው ተቆረጠ። መሬቱም እንደ ነበረ ለባለቤቱ ጸና፤ መሬት ለኪዎቹም ገመዱ ሥራ ላይ ስለሆነ ዝም አሉ።

ተሰናብተን መጋረጃችንን ልናወርድ ስንል የሚያወርድልን ጠፋ። «መሣሪያህን ይዘህ መጥተህ የለም?» አሉኝ። ሰዉ ተሰለፈ። ወንዱም ሴቱም በየተራ ያችን ኮት ለበሱ፣ ያን መነጽር አደረጉ፤ ዲንቄ መቆንጠጫ ታጠብቃለች፣ ታላላለች። ኦቦ ዳባ ዱላዬን አልለቅም ብለው ከነዱላቸው ተነሡ። ፊልሜ አልቆ የመጨረሻዋ አንዲት ስትቀር ሊቀ መንበሩ ወንበራቸውን ወደ ኋላ አድርገው መጡና ኮፍያቸውን አስተካክለው ከቀስቱ ሥር ቆሙ።

«አደራ፣ ቀዩ በደንብ ይውጣ» አሉኝ። አመድ እንደሚሆን ለመናገር አንጀቴ አልቻለም።

ፎቶዎቹን አጥቤ ላክሁላቸው። ሊቀ መንበሩ ግን፣ እንዳልኳችሁ፣ ነገር የሚያጣሩ ሰው ናቸው። እያንዳንዱ ፎቶ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት በጀርባው ላይ የማኅበሩ ማኅተም ተመትቶ እንዲህ ተጻፈበት፦ «በዚህ ፎቶ የሚታየው ግለሰብ ወደ አሜሪካ ያልሄደ መሆኑን፣ ከኋላው የሚታየውም አገር ጨርቅ መሆኑን እናረጋግጣለን።» የራሳቸውንም አልማሩትም፤ ራሳቸው ለራሳቸው አረጋግጠው ፈረሙ።

ከነዚያ አንዱን፣ የሊቀ መንበሩን፣ ለማስታወሻ ላኩልኝ። በመስታወት አስገብቼ ፎቶ ቤቴ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ከሚያየው ቦታ ላይ ሰቀልኩት። ሥዕል የሚያውቁ ሰዎች ስለ ሥራዬ አንዲት ቃል ጽፈውልኝ አያውቁም፤ የሥዕል ትምህርት ቤት ወረቀትም የለኝም። ደንበኞች እየመጡ፣ «ምነው ፎቶውን ገልብጠህ ጀርባውን ሰቀልከው?» ይሉኛል። አልገለበጥኩትም። ለእኔ ፊቱ እሱ ነው።